ግሪን ካርዱ አለ፤ ፓስፖርቱስ?

በአዲስ ዓመት መግቢያ፣ ከዚያም በገናና በጥምቀት ሰሞን ቦሌ ኤርፖርት ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ይሞላል። አበባ የያዘው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለው፣ ስልኩን ለቪዲዮ ያዘጋጀው ሁሉ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። ሰርጉ ይሰረጋል፣ ክርስትናው ይነሣል፣ ተዝካሩ ይወጣል፤ ሦስቱ ሳምንትም ሳይታወቅ ያልቃል። በርበሬውና ሽሮው ሻንጣ ውስጥ ከገባ በኋላ ከእንግዶቹ አንዱ ፓስፖርቱን ገለጥ አድርጎ ያያል። «ውይ! ይኼ እኮ የቀረው አራት ወር ብቻ ነው!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳሎኑ የኢሚግሬሽን ቢሮ ይሆናል። አጎት «ስድስት ወር ካልቀረው አያሳፍሩህም» ይላሉ። የአክስት ልጅ ደግሞ «ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፓስፖርት ምን ያደርግለታል?» ትላለች። እናት ዝም ብለው ይሰማሉ፤ የሚያስጨንቃቸው ልጃቸው ሥራው ላይ በቀኑ ይድረስ አይድረስ የሚለው ነው።

አጎትም የአክስት ልጅም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሙሉውን እውነት ማወቅ ግን ትኬትን፣ የሥራ ቀንን፣ አንዳንዴም ራሱን የመኖሪያ ፈቃዱን ያድናል። በዚህ ወር እትማችን ጉዳዩን በተለይ በአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ ቤተሰቦቻችን አንጻር እንመለከተዋለን፤ ካናዳና እንግሊዝ ላሉትም ጥቂት ነጥቦች አሉን።

የ6 ወሩ ሕግ የማን ነው?

«ፓስፖርት ቢያንስ 6 ወር ይቅረው» የሚለው አባባል ባዶ ወሬ አይደለም። ብዙ አገሮች ወደ ግዛታቸው የሚመጣ ጎብኚ ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። አሜሪካም በመርህ ደረጃ በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የሚገባ ሰው ፓስፖርቱ ከቆይታው በኋላ ተጨማሪ 6 ወር እንዲኖረው ትፈልጋለች፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደረገቻቸው ብዙ አገሮች ቢኖሩም።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሕግ የተጻፈው ለእንግዳ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጎብኚ ጊዜው ሲያልቅ ወደ አገሩ መመለስ አለበት፤ ያለ ፓስፖርት ደግሞ የሚቀበለው የለም። ቋሚ ነዋሪ ግን ወደ አሜሪካ ሲሄድ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ የሚመለስን ሰው የ6 ወሩ ግዴታ አይመለከተውም።

የአሜሪካ ድንበር ላይ መሠረታዊው ሰነድ ራሱ ካርዱ ነው። ጊዜው ያላለፈበት ግሪን ካርድ ይዞ፣ ከ1 ዓመት ላነሰ ጊዜ ውጭ ቆይቶ የሚመለስ ቋሚ ነዋሪ ለመግባት ፓስፖርት የማቅረብ የሕግ ግዴታ የለበትም። መኮንኑ ፓስፖርቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ማሳየቱም ነገሩን ያቀልላል። ነገር ግን «አራት ወር ብቻ ቀርቶታልና አትገባም» የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ የአክስት ልጅ ረታች ማለት ነው? አልረታችም። አሜሪካ ለመድረስ መጀመሪያ ከቦሌ መነሣት አለ።

ሦስት በሮች፣ ሦስት ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ቋሚ ነዋሪ ሦስት በሮችን ያልፋል። በእያንዳንዱ በር ላይ የቆመው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው በር የአየር መንገዱ መሳፈሪያ መስኮት ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ጥያቄ «ይህን ሰው ብወስደው እዚያ ይቀበሉታል ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ወደ አሜሪካ ያደረሰ አየር መንገድ ይቀጣል። ለዚህ ነው ሠራተኞቹ ጥብቅ የሚሆኑት። የየአገሩን የመግቢያ መስፈርት የሚያዩት በአብዛኛው ቲማቲክ በተባለ፣ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በሚያዘጋጀው የመረጃ ቋት ነው። መልሱ ታዲያ እንደ ጥያቄው ነው። መንገደኛው በጎብኚነት ከተመዘገበ አንድ መልስ፣ በቋሚ ነዋሪነት ከተመዘገበ ሌላ መልስ ይመጣል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ፓስፖርቱን ብቻ አያቅርቡ፤ ግሪን ካርዱን አብረው ያስቀምጡ፤ «ቋሚ ነዋሪ ነኝ» ይበሉ። «6 ወር አልቀረህም» የሚል ካጋጠመዎት ሳይቆጡ በቋሚ ነዋሪነት እንዲያዩልዎ፣ ካልሆነም ተቆጣጣሪ እንዲጠሩልዎ ይጠይቁ። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በረራው ሊዘጋ ሲል የደረሰ ሰው የመከራከሪያ ጊዜ የለውም።

ሁለተኛው በር የኢትዮጵያ ኢሚግሬሽን ነው። እዚህ ግሪን ካርድ ፓስፖርትን አይተካም። ኢትዮጵያዊ ዜጋ ከአገሩ የሚወጣው በጸና ፓስፖርቱ ነው። አራት ወር የቀረው ፓስፖርት የጸና ፓስፖርት ነው። ትናንት ያለፈበት ፓስፖርት ግን አይደለም። በብዙ ቤተሰብ የሚደባለቀው ይኼ ነው፤ ሊያልቅ የተቃረበና ያለቀ እንደ አንድ ይታያሉ። የመጀመሪያው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ሁለተኛው ግን ጉዞውን ያስቆማል።

ሦስተኛው በር አሜሪካ ስንደርስ የሚጠብቀን የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መኮንን ነው። የእሱ ጥያቄ «ይህ ሰው በእርግጥ እዚህ ነዋሪ ነው ወይ?» የሚል ነው። ስለ ፓስፖርቱ ቀሪ ወራት ሳይሆን ስለ ካርዱና ስለ ቆይታው ርዝመት ይጠይቃል። ወደዚህ ጥያቄ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

በመሐል የሚያርፉ ከሆነ

በቀጥታ የማይሄድ መንገደኛ አራተኛ በር አለው። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገሮች ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ ዜጎች መካከል ናቸው። ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን መቀየር ችግር የለውም። ካርዱ ጊዜው አልፎ በደብዳቤ ብቻ የተራዘመ ከሆነ ግን ነገሩ አከራካሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት አየር መንገዱን ይጠይቁ፤ ካልሆነም ቀጥታ በረራ ይምረጡ።

ዱባይ ወርዶ ሁለት ቀን ገበያ ለማየት የሚያስብ ሰው ደግሞ እዚያ ጎብኚ ነው። ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ፓስፖርቱም ቢያንስ 6 ወር ሊቀረው ይገባል። ወደ ቤት ለመመለስ የማይጠየቀው የ6 ወር ሕግ ለሽርሽሩ ይጠየቃል ማለት ነው።

ሁለቱ ሰነዶች እኩል አያረጁም

አብዛኛው ግሪን ካርድ 10 ዓመት ያገለግላል። ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የቆየው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ 5 ዓመት። ስለዚህ አንድ ካርድ ሳያልቅ ፓስፖርቱ ሁለቴ ያልቃል። ሰው በየቀኑ የሚያየው ቦርሳው ውስጥ ያለውን ካርድ ነው፤ ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የለቅሶ ወይም የሰርግ ጥሪ እስኪመጣ ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

አሜሪካ ያለ ሰው ፓስፖርቱን በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በሎስ አንጀለስና በሴንት ፖል ባሉት የቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ማሳደስ ይችላል። ይህ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ ነው ብሎ ማቀድ ግን አይመከርም።

ድንገት መርዶ መጥቶ ፓስፖርቱ ያለቀበት ሰው ሊሴፓሴ አውጥቶ ሊመጣ ይችላል። ሊሴፓሴ ግን ወደ አገር ቤት የሚያስገባ የአንድ ጉዞ ወረቀት ነው፤ ለመመለስ አያገለግልም። ለቀብር በሊሴፓሴ የመጣ ሰው ከሠልስቱ ማግስት ጀምሮ አዲስ ፓስፖርት ለማውጣት ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት መሄድ ይኖርበታል። የመመለሻ ቀኑን ሲያቅድ ይህን ማስላት አለበት፤ አለቃውም አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ በቅርቡ የሄዱትን የሚመለከት አንድ ነጥብ እንጨምር። ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ ድረስ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ፣ መግቢያ ላይ ማኅተም ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓስፖርቱ የመኖሪያ ፈቃዱም ጭምር ነው። ቢያልቅ እንኳ አሮጌው ፓስፖርት ከአዲሱ ጋር አብሮ ይጓዛል እንጂ ቤት አይተውም።

የስም ነገርም አለ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቋሚ መልክ የለውም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ በሌላው ላይ በሁለት ፊደል ይጀምራል። ፓስፖርት ሲታደስ አዲሱ ላይ ያለው አጻጻፍ ከግሪን ካርዱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ሲረከቡ ያረጋግጡ። ትኬቱም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይቆረጥ።

ከፓስፖርቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቀን

አሁን ወደ ሦስተኛው በር እንመለስ። በልጇ አማካይነት ሜሪላንድ ገብታ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት እናስብ። አዲስ አበባ ቤቷ አለ፣ ማኅበሯ አለ፣ ዕድሯ አለ፣ ደብሯ አለ። ለአንድ ወር ብላ ትመጣለች፤ ቤቱ እድሳት ይፈልጋል፣ እህቷ ትታመማለች፣ ፋሲካ ይደርሳል፤ ወሩ ዘጠኝ ወር ይሆናል። ቤተሰቡ ፓስፖርቷን አይቶ «ገና ሁለት ዓመት አለው» ብሎ ይረጋጋል። ሰው ሁሉ የሚነግራትም «በዓመት አንዴ ብቅ ካልሽ ካርድሽ አይቃጠልም» ነው።

ይህ አባባል ብዙ እናቶችና አባቶች ላይ ችግር አምጥቷል። ሕጉ የሚጠይቀው ብቅ ማለትን ሳይሆን መኖርን ነው። ሦስት የቀን ገደቦችን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው 180 ቀን ነው። በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየ ቋሚ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ሊመረመር ይችላል። ካርዱ አይሰረዝም፤ ጥያቄው ግን ይበዛል። ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ተከታታይ የነዋሪነት ጊዜም ከ6 ወር በላይ በሚቆይ ጉዞ እንደተቋረጠ ሊቆጠር ይችላል፤ አልተቋረጠም ብሎ ማስረዳት የአመልካቹ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው 1 ዓመት ነው። ከ1 ዓመት በላይ ከቆዩ ካርዱ ብቻውን መመለሻ መሆኑ ያበቃል። ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ሳይነሣ፣ አሜሪካ ውስጥ እያለ፣ በአይ-131 ቅጽ የዳግም መግቢያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ፈቃዱ በአብዛኛው ለ2 ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ማመልከቻውን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማስገባት አይቻልም።

ሦስተኛው ገደብ በቀን የማይለካው ነው፤ ሐሳብ። ሦስት ወር ብቻ የቆየ ሰው እንኳ ኑሮውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ካዞረ ነዋሪነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። መኮንኑ የሚያየው ግብር በነዋሪነት መከፈሉን፣ ቤቱን፣ ሥራውን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ ነው። ቆይታው የረዘመበት ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ሕመም ከሆነ፣ የሐኪም ወረቀቱ በእጅ ይሁን።

አንድ ነገር በተለይ ለአረጋውያን ወላጆች ይነገር። መግቢያው ላይ «ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» የሚል አይ-407 የተባለ ቅጽ ሊቀርብላቸው ይችላል። ስሙ እንደሚለው በፈቃድ የሚፈረም ነው። መፈረም ግዴታ አይደለም፤ ያልፈረመ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ያልገባቸውን ወረቀት እንዳይፈርሙና አማርኛ አስተርጓሚ እንዲጠይቁ፣ ይህንኑም በወረቀት ጽፎ ቦርሳቸው ውስጥ ማስቀመጥ ከልጆቻቸው የሚጠበቅ ነው።

ካርዱ ቢጠፋስ? ቢያልፍበትስ?

ግሪን ካርዱ እዚህ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ መጀመሪያ ለፖሊስ ያመልክቱና ማስረጃ ይያዙ። ከአሜሪካ ከወጡ 1 ዓመት ካልሞላዎ በአይ-131ኤ ቅጽ ክፍያውን በኢንተርኔት ከፍለው በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የመሳፈሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ፈቃዱ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ሲሆን የሚያገለግለው ለአጭር ጊዜ ነው። 1 ዓመት ያለፈበት ሰው ግን ተመላሽ ነዋሪ የሚባለውን የኤስቢ-1 ቪዛ ማመልከት ይኖርበታል፤ ለመመለስ አስቦ እንደነበረና የቆየው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ቀላል አይደለም።

የ10 ዓመቱ ካርድ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው በአይ-90 ቅጽ ማሳደስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለእድሳት ያመለከተ ሰው የሚደርሰው ደብዳቤ የካርዱን አገልግሎት በ36 ወር ያራዝማል። በጋብቻ የተገኘው የ2 ዓመት ካርድ ደግሞ የሚለወጠው በአይ-751 ቅጽ ነው፤ የእሱ ደብዳቤ 48 ወር ያራዝማል። በሁለቱም ደብዳቤው ብቻውን ዋጋ የለውም። አሮጌው ካርድና ዋናው ደብዳቤ አብረው መታየት አለባቸው፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም።

አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ዓይነት ፓስፖርት

አባት ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙበት ቤተሰብ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ እንግዶቹ ልጆቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ኢ-ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ሊቀረው ይገባል። አጎት ያሉት የ6 ወር ሕግ እዚህ ጋ በትክክል ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በአባትየው ላይ ሳይሆን በሕፃኑ ላይ ነው።

ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ የአዋቂው 10 ዓመት ነው። ልጅየው ሲመለስም የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ መጓዝ ያለበት በአሜሪካ ፓስፖርቱ ነው። ለልጁ አዲስ ፓስፖርት ሲጠየቅ በአብዛኛው የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ያስፈልጋል። አንደኛው ወላጅ ሥራ ላይ ቀርቶ ሌላው ብቻውን ልጆቹን ይዞ ከመጣ፣ በመሐል ፓስፖርት ማውጣት ይከብዳል።

ቋሚ ነዋሪው ራሱ የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። ስለዚህ «ገና 3 ዓመት አለው» ብሎ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዝ አይገባም። መንገዱ ወይ ቪዛ፣ ወይ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ ነው።

ካናዳና እንግሊዝ ላሉት

ካናዳ ቋሚ ነዋሪዋ በአውሮፕላን ሲመለስ የነዋሪነት ካርዱን እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ካርዱ በአብዛኛው 5 ዓመት ያገለግላል። ካርዱ ውጭ እያለ ያለቀበት ወይም የጠፋበት ሰው የቋሚ ነዋሪ የጉዞ ሰነድ ማውጣት አለበት። ነዋሪነቱ እንዲጸና ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን ካናዳ መገኘት ይጠበቅበታል።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ከፕላስቲክ ካርድ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። ነባሩ የነዋሪነት ካርድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ ተዘግቶ ፈቃዱ ኢ-ቪዛ ሆኗል። ኢ-ቪዛው ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ መጥቶ ፓስፖርቱን ያሳደሰ ሰው አዲሱን ቁጥር በኢሚግሬሽን አካውንቱ ላይ ካላስገባ፣ አየር መንገዱ ፈቃዱን ሲፈልግ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ፓስፖርት በተቀበሉበት ቀን አካውንቱን ያስተካክሉ።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ትኬት ልቆርጥ ነው» ብሎ ሲደውል ከደስታው በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁት። ፓስፖርትህ ከመመለሻህ ቀን በኋላ ስንት ወር ይቀረዋል? ካርድህስ? የልጆቹ ፓስፖርት ወደዚህ ሲገቡ 6 ወር ይሞላል? ስምህ በፓስፖርቱ፣ በካርዱና በትኬቱ ላይ አንድ ነው? የት ነው የምታርፈው? ከ6 ወር በላይ የመቆየት ሐሳብ አለህ?

የካርዱንና የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ አንድ እዚህ ለቤተሰብ፣ አንድ እዚያ ለሚቀር ሰው ይስጥ። ፓስፖርቱ የሚቀረው ጊዜ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሳይቸኩል እዚያው ያሳድሰው። እናትና አባት ከሆኑ ደግሞ አሜሪካ የወጡበትን ቀን ካሌንደር ላይ አክብቡና 180ኛውን ቀን ቆጥራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ።